ሙሽሪት ቁልቁለት ካላየች አትነሳም

ኅዳር 11

የጭነት መኪናዬ ዛሬም በቁልቁለት ተነሳች።

ሌላ ምን ይጻፋል? ብርድ ነበር። ባለቤቴ ድንጋዩን በገመድ ሳበች፤ እኔ ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ተንከባለልኩ፤ ባለሱቁ በር ጋ ስደርስ ለቀቅኩት። ተንገጫገጨች፣ አሳላት፣ ነጭ ጭስ ተፋች፣ ተነሳች። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸብን። ቀኑን ሙሉ አሸዋ አመላልሼ ማታ እዚያው ቁልቁለት ላይ መለስኳት። አፍንጫዋ ወደ ታች፣ ድንጋዩ ከፊት ጎማ ሥር። ይኸው ነው ኑሮ።

«ሙሽሪት» ያላት ዶክተር ነው። ዶክተር እንኳ ሾፌር ነው፤ የሰው መኪና ሁሉ በሽታ በሩቁ ስለሚያውቅ ነው ዶክተር ያልነው። «ሙሽራ ናት፤ አጃቢ ካልገፋት ከቤት አትወጣም» አለ አሸዋ ጫኞቹ ፊት። ሳቁ። ያኔ እኔም ስቄያለሁ… አሁን ስሙን ስሰማ ጥርሴን ያመኛል።

ዳቦ ስቆርስ ዳቦው ናፍጣ ናፍጣ አለኝ። እጄን ደጋግሜ ታጥቤያለሁ እኮ! ግማሹን ትቼ ተነሳሁ።

ኅዳር 12

ተነሳች። በቁልቁለት። ኤጭ።

ኅዳር 14

ባለሱቁ ጠዋት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጠበቀኝ። ከመኪናዬ ሥር ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ያደረው ናፍጣ በቦዩ ወርዶ ደጁ ላይ ተኝቷል። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና ሠርቶ። አንዲት ዶሮ ጫፉ ላይ ቆማ ታየዋለች፤ እሷ እንኳ ተጠይፋው አልረገጠችውም።

«አንተ ሾፌር! ስኳርህ ናፍጣ ናፍጣ ይላል ብለው ደንበኞቼ መለሱልኝ!»

«መኪናዋ ትንሽ ታለቅሳለች…»

«ታልቅስ! ደጇ ታልቅስ! የኔ ደጅ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?»

ምን ይባላል? እውነቱን ነው። ከአሸዋው አምጥቼ አለበስኩለት። አሸዋው ጠጣና ጥቁር ጭቃ ሆነ፤ ከቅድሙ የባሰ አስቀያሚ። ከድጡ ወደ ማጡ።

የሚገርመኝ ግን ይኼ ነው… ቀን ስትሠራ አታንጠባጥብም። ቆማ ስታድር ነው። ለምን?

ኅዳር 15

አማቴ አዩዋት። የሚስቴ አባት። ከጓሯችን ባለችው ክፍል ነው የሚኖሩት። መካኒክ ናቸው። ያውም ስንት ጋራዥ የከፈቱ ሰዎችን ያሠለጠኑ መካኒክ። የሙሽሪትን ሞተር ከቁርጥራጭ ብረት ሰብስበው ያቆሙት እሳቸው ናቸው፤ ሲያስረክቡኝም «እኔ እያለሁ ሌላ እጅ አይነካትም» ብለውኛል። አንገቴን ደፍቼ እሺ አልኩ። እሺ ማለት እንዲህ እንደሚያስከፍል ማን ነገረኝ?

ኮፈኑን ከፈትኩላቸው። ሞተሩ ከላይ እስከ ታች ርሷል። «የቱ ጋ ነው የሚረጥበው?» አሉ። ኧረ የቱ ጋ ነው የማይረጥበው! ጣታቸውን እየሰደዱ ዳሰሱ፤ እያነሱ አሸተቱ። ከዚያ ከኪሳቸው ያንን አረንጓዴ ጨርቅ አወጡ። የባለቤቴ አሮጌ ቀሚስ ነው፤ ቆራርጣ ሰጥታቸው ያለሱ ብሎን አይነኩም። ጠረጉ፣ ሳሙና አድቅቀው በጣታቸው እንደ ሊጥ ለወሱ፣ በየቧንቧው አንገት ላይ ለጥፈው በክር ጠመጠሙ።

«በቃ። ያዘ።»

አልያዘም። ማታ ሳየው ሳሙናው ናፍጣ ጠጥቶ ተልፈስፍሷል። ሞተሩ ሕፃን ያስታወከበት ይመስላል።

«አለመነሳቷስ አባባ?» አልኳቸው።

«ባትሪ ነው።»

አምና ባትሪ ነበር፤ ቀየርን። ከዚያ ማስነሻው ሞተሪኖ ነበር፤ አስጠቀለልን። አሁን ደግሞ ተመልሶ ባትሪ ሆነ። አልሸሹም ዞር አሉ።

ኅዳር 18

ትናንት መሽቶብኝ ወንዝ ዳር፣ አሸዋ መጫኛው ጋ አደርኩ። ሜዳ ነው። ቁልቁለት የለም። ጠዋት ቁልፍ አዞርኩ… ኧኧኧኧኧ… ኧኧኧኧ… ኧኧ። ምንም። ጭስ እንኳ የላትም። ሥር ገብቼ አየሁ፤ መሬቱ ደረቅ። አንዲት ጠብታ የለም!

ዶክተር መጣ። የሞተር ማስነሻ እስፕሬይ ይዞ። «አፍንጫዋ ላይ ትንሽ ፍስስ ላድርግላት?» «ተው ሞተሩን ትገድላለህ» እያልኩት ፍስስ አደረጋት። ጓ! አለች፤ ብረት በብረት እንደመታ። ዘልዬ ወረድኩ። አልተነሳችም። እሱ ይስቃል። ሰው በሰው ሞተር እንዴት ይስቃል?

«ናፍጣ አልደረሳትም» አለ ከዚያ። ይህቺን እንኳ ልክ ነው። ቱቦውን ፈትቼ በአፌ ሳብኩ። ሳብኩ ሳብኩና በአንድ ጊዜ አፌ ሞላ! ቋቅ። እንባዬ እስኪመጣ ተፋሁ። ውኃ ተጉመጠመጥኩ፣ ቅጠል አኘክሁ፣ ሎሚ መጠጥኩ። ምንም። ከዚያ ናፍጣ ማጣሪያው ፊልትሮ አጠገብ ያለውን የእጅ ፓምፕ ገፋሁ። ባዶ ነው፤ ገብቶ ይወጣል፣ አየር ብቻ። እጄ እስኪዝል ገፋሁ። ጠንከር አለልኝ። ቁልፍ አዞርኩ፤ ወዲያው ተነሳች። ቀኑን ሙሉ እንደ ሰዓት ሠራች። ባጠፋትም ወዲያው ትነሳለች።

ታዲያ ማታ ሞልቶ የነበረው ናፍጣ ሌሊት የት ሄደ? መሬት ላይ የለም። ሌባ በቧንቧ ውስጥ ይገባል?

ኅዳር 19

አፌ አሁንም ናፍጣ ነው። ባለቤቴ ገና ስጠጋት ፊቷን አዞረች። አልፈረድኩባትም።

ኅዳር 23

ስለ ድንጋዩ ልጻፍ። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ስትስበው አየኋት…

ረዳት ነበረኝ። «አጎቴ ታመመ» ብሎ ሄደ። አጎት የለውም። ናፍጣው ነው ያባረረው። የእጅ ፍሬኑ ደግሞ ላልቷል፤ የእግሩም ፍሬን ሌሊት አየሩ ስለሚያልቅ ጠዋት ቢረግጡት ባዶ ነው። ሙሽሪትን የያዛት ድንጋዩ ብቻ ነው። እኔ መሪው ላይ መሆን አለብኝ፤ እሷ መኪና መንዳት አትችልም። ስለዚህ ድንጋዩን የምትስበው ባለቤቴ ናት። በየማለዳው፣ ሻርፗን ተከናንባ፣ ገመዱን እጇ ላይ ጠምጥማ፣ ከጎማው ጎን።

«ትዳር ማለት ድንጋይ መጎተት ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም» አለችኝ ዛሬ።

ሳቅኩ። ግን በመስተዋት ሳያት እጇ ከጎማው ምን ያህል ይርቃል? ክንድ አይሞላም። ድንጋዩ አልወጣ ቢልስ? ልትነቀንቀው ብትጎነበስስ? ቀኑን ሙሉ ይኼ ከዓይኔ አልጠፋም። እጅ አንዴ ከሄደ አይቀጠልም።

ኅዳር 27

ዶክተር «መገንጠያው ጋ ጥሩ ጋራዥ አለ፣ ውሰዳት» አለኝ። ለባለቤቴ ነገርኳት። ሰሃን እያጠበች ነበር። እጇን አቆመች።

«አባቴ ጓሮ ተቀምጠው መኪናዋን ሌላ ቤት?»

«እና እስከ መቼ?»

«ይሞታሉ። በቁም ይሞታሉ አልኩህ። እሷ ብቻ እኮ ናት የቀረቻቸው። ማንም መጥቶ የሚያሠራቸው የለም አሁን።»

«ስለዚህ አንቺ ትሙቺ?»

«ምነው! ድንጋይ ነው የምስበው፣ ጅብ አይደለም።»

ሰሃኑን ማጠቧን ቀጠለች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወጣሁ። እኔ ከአማቴ ጋር ሳልጣላ፣ እሷ አባቷን ሳታስቀይም፣ ሙሽሪት ሳትሰደብ… ጎማው ሥር ግን የማን እጅ ነው የሚገባው? ይሉኝታ እንዲህ እንደሚሸት አላውቅም ነበር።

ታኅሣሥ 2

ዛሬ ደግሞ አማቴ «ኖዝል ነው» አሉ፤ ናፍጣ መርጫው። ፈቱ። ቁልፉ ከብሎኑ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ሸተት አለባቸው። «የዘንድሮ ብረት ልስልስ ነው» አሉ። ብረቱ እኮ የዘንድሮ አይደለም፤ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል! መልሰው ሲያስሩ ወደ ሌላ ቦታ እያዩ ነው የሚያስሩት፤ ሥራውን የናቁት ይመስላሉ። እኔ ፋኖስ ባቀርብላቸው «ወዲያ አርገው፣ ያጥበረብረኛል» ብለው ተቆጡ። ደግሞ ያንን ጨርቅ… ይጠርጉበታል፣ ያሸቱታል፣ ግንባራቸውን ያብሱበታል፣ ተመልሰው ይጠርጉበታል።

አሁንስ በዛ። ድሮ አንዲት ጠብታ ካዩ ሠራተኛ የሚያባርሩ ሰው አልነበሩ? ግድ የለሽ ሆነዋል። ሰው ሲሸመግል ሥራውንም ይንቃል እንዴ? ልናገር ብዬ አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት። እሱም ናፍጣ ናፍጣ አለኝ።

ማታ መልሳ አንጠባጠበች። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ታኅሣሥ 5



ሌሊት ዘነበ። የጎማው ሥር መሬት ስንት ጊዜ በናፍጣ ርሷል፣ አሁን ደግሞ ዝናብ… ጭቃ ሆኖ ድንጋዩ ሰጥሟል፣ ጎማው ላዩ ላይ ተደላድሏል። ሳበች፤ አልወጣም። ደገመች። ገመዱ ተበጠሰ። እኔ ከላይ «ተይው፣ ልውረድ!» እላለሁ፤ ባለሱቁ በሩን እያንጓጓ ስለነበር አልሰማችኝም። በመስተዋቱ ጎንበስ ስትል አየሁ። ከዚያ ከመስተዋቱ ጠፋች።

ሙሽሪት ተንቀሳቀሰች።

ፍሬኑን በሁለት እግሬ ቆምኩበት። ባዶ። መሪውን ወደ ግድግዳው ሰበርኩት። የአጥሩን ግንብ ገጭታ ቆመች። ዘልዬ ወረድኩ። እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ጎማው ሥር ጫማዋ አለ። ቡናማው ጫማዋ። እንደ ወረቀት ጠፍጥፎ ጭቃው ውስጥ አጣብቆታል። ጮህኩ መሰለኝ።

እሷ ቦዩ ውስጥ ተቀምጣለች። አንድ እግሯ ባዶ። ጭቃ ለብሳ። ጣቶቿን አንድ በአንድ እያየች። ከዚያ ተነስታ ቆመች። ደህና ናት። ደህና ናት።

አማቴ በጩኸቱ እየሮጡ መጡ። ግድግዳውን እየያዙ። «ልጄ የት አለች? ምን ሆነች? የት አለች?» እያሉ ትከሻዬን ይዘው ይንጡኛል። ፊት ለፊታቸው ቆማ እያለች! «አባዬ፣ እዚህ ነኝ» ስትላቸው ነው ወደ ድምጿ የዞሩት። ድንጋጤ ሰው እንዲህ ያደርጋል።

ጫማውን በዶማ ቆፍሬ አወጣሁት። ይሸታል። ናፍጣ፣ ጭቃ፣ ሳሙና። አሸተትኩትና ግድግዳው ሥር አስታወክሁ። ባለሱቁ ውኃ ይዞ መጣ። ዛሬ ስለ ስኳሩ አላነሳም።

ታኅሣሥ 6

ሥራ አልሄድኩም። «ከእንግዲህ ማንም ድንጋይ አይስብም» አልኩ።

ሳሙናውን በሙሉ በካቻቪቴ ፋቅሁት። ቢጫ፣ ጥቁር፣ ግራጫ… ፀጉርም አለበት፣ የዝንብ ክንፍም አለበት። ክሩን ቆረጥኩ። ሞተሩን በዱቄት ሳሙናና በሙቅ ውኃ አጠብኩት። ሳጥብ አማቴ ከበራቸው ላይ ተቀምጠው ድምፁን ይሰማሉ። ሲደርቅ የባለቤቴን ፓውደር አምጥቼ ከላይ እስከ ታች ነሰነስኩባት።

«እሷንም ልትድራት ነው?» አለች ባለቤቴ።

«ሙሽራ አይደለች?»

ከትናንት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቃችን።

በእጅ ፓምፑ ሞልቼ አስነሳሁ። እስክትሞቅ አቆየኋት። ፓውደሩን በባትሪ መብራት አየሁት፤ ነጭ እንደሆነ ነው። የትም አልረጠበም! ስትሠራ አታፈስም ማለት ነው። ስትቆምስ? ቁልቁለቱ ላይ አቆምኳት። አሁን ግን አራቱንም ጎማ በትላልቅ ድንጋይ፣ ከፊት በግንድ። ለማየት ብቻ ነው። ማንም አይነካትም።

ታኅሣሥ 7

አገኘሁት! አገኘሁት!

ገና ሲነጋ ኮፈኑን ከፈትኩ። ነጩ ፓውደር ላይ አንዲት ቀጭን የረጠበ መስመር። እንደ እንባ። ተከተልኳት፣ ወደ ላይ ወደ ላይ… ከታንኩ የመጣው ቧንቧ ናፍጣ ሳቢው ፓምፕ ላይ በብሎን የሚታሰርበት ቦታ። እዚያ። አንድ ቦታ ብቻ! ሌላው ሁሉ ደረቅ ነው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ለራሴ እንዳይጠፋኝ ልጻፈው። ስትሠራ ፓምፑ በዚያ ቧንቧ ይስባል። ስለዚህ በቀዳዳው ናፍጣ አይወጣም፤ አየር ትንሽ ትንሽ ይገባል እንጂ። ሜዳ ላይ ስትቆም ታንኩ ዝቅ ይላል፤ በቀዳዳው አየር ይገባና ናፍጣው ወደ ታንኩ ይመለሳል። ጠዋት ቧንቧው ባዶ፣ መሬቱ ደረቅ፣ ሙሽሪት አትነሳም። ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ስደፋትስ? ታንኩ ከሞተሩ በላይ ይሆናል። ናፍጣው ራሱ ይወርዳል፣ በቀዳዳውም ይንጠባጠባል። ጠዋት ትነሳለች፣ ባለሱቁ ይሳደባል። ሌባ አልነበረም። ሁለት በሽታም አልነበረም። አንዲት ቀዳዳ ናት። እኛ ቀዳዳዋን በመድፈን ፈንታ ቁልቁለት ስንፈልግላት ኖርን! ያንን ሁሉ ጊዜ! የሚስቴን እጅ አስይዘን!

የታንኩን ቱቦ ቋጥሬ ብሎኑን ፈታሁ። ሁለት ቀለበት የመሰለ የመዳብ ሮንዴላ አለው፣ ከላይና ከታች። የታችኛውን አነሳሁት። ሥሩ ላይ ተሻግሮ የተጨፈለቀ ክር። አንዲት ክር። ናፍጣው በእሷ ላይ እየተሳበ ነው የሚወጣው።

አረንጓዴ።

ይህን ቦታ ያሰረው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ደሜ ፈላ። ያ ግንባር የሚታበስበት ጨርቅ! ለሳምንታት ያጠራቀምኩት ስድብ ሁሉ ምላሴ ላይ ደረሰ። ዓይን ያለው ሰው ሮንዴላ ሲያስቀምጥ ይህን አያይም? የገዛ ልጃቸውን! ክሩን በመዳፌ ይዤ ጓሮ ሄድኩ። በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«አባባ፣ ይህቺን ይዩልኝ።» መዳፋቸው ላይ አደረግኩላቸው።

በጣታቸው ፈተሉት። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«ክር ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ከየት ወጣ?»

«ከሮንዴላው ሥር። ናፍጣ ሳቢው ፓምፕ ላይ።»

ክሩን ደግመው በጣታቸው ፈተሉት። ከዚያ ቀስ ብለው…

«ቀለሙ ምንድን ነው?»

የሚያሾፉብኝ መሰለኝ። ፀሐይዋ እኮ ፊታቸው ላይ ናት። ክሩ መዳፋቸው ላይ ነው። ልጮህ ቀና ስል ዓይናቸውን አየሁት። እኔን አይደለም የሚያዩት። ከጆሮዬ አጠገብ የሆነ ነገር ነው የሚያዩት። የዓይናቸው ብሌን ላይ ወተት የመሰለ ነገር አለ። እስከ ዛሬ የት ነበርኩ እኔ? አንድ ግቢ እየኖርን! አንድ ማዕድ እየቀረብን!

«አረንጓዴ ነው፣ አባባ።»

«የልጄ ቀሚስ» አሉ።

ያጠራቀምኩት ስድብ… አንዱም አልወጣልኝም።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? መካኒክ ዓይኑ ሲጠፋ ምን ይባላል? ሽማግሌ ይባላል። ቁጭ በል ይባላል።» ክሩን መዳፋቸው ውስጥ ጨበጡት። «ሙሽሪትን በእጄ አውቃታለሁ ብዬ ነበር። ብሎኗን ሁሉ። እጄ ይበቃኛል ብዬ… ልጄን እኔ ነኝ ጎማ ሥር የላክኋት።»

አይደለም ልበል? ነው እኮ። ግን እኔስ? ፍሬኑ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ በየማለዳው መሪው ላይ የተቀመጥኩት ማን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እሳቸው ዓይናቸውን ደበቁ፣ እኔ አፌን ደበቅሁ።

«ይነሱ» አልኳቸው። «አየር የምናስወጣው አብረን ነው።»

እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። አዲስ ሮንዴላ አስገባሁ። «በጨርቅ አትጥረገው» አሉ፣ «በጣትህ። ጣት ክር አይጥልም።» ጠረግሁት። አጠበቅሁት። የፊልትሮውን የአየር ብሎን ላላ አድርጌ የእጅ ፓምፑን መግፋት ጀመርኩ። እሳቸው ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ቆሙ። ፍስ… ጵል ጵል… ፍስ…

«ገና ነው… ገና… ያውልህ፣ ይተፋል፣ አየር አለ… ገና… አሁን! አሁን ፈሰሰ። ዝጋ!»

ዘጋሁ። ቁልፉን አዞርኩ። ተነሳች። እሳቸው በእጃቸው ኮፈኑን ይዘው ቆዩ። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ቆማ ሁለታችንንም ታየናለች። ማን እንደነገራት አላውቅም፤ ምናልባትም ማንም አልነገራትም።

ታኅሣሥ 8

ትናንት ማታ እንጀራ ላይ ሳለን አማቴ ራሳቸው ተናገሩ። «ዓይኔ ደክሟል» አሉ። እንዲሁ፣ ጨው አቀብሉኝ እንደሚባል። ባለቤቴ «አውቃለሁ አባዬ፤ ሻይ ስሰጥዎ ስኒውን እጅዎ ላይ የማደርገው ለምን መሰለዎት?» አለች። እሷም ታውቅ ነበር! ሦስታችንም የየራሳችንን እየደበቅን፣ ድንጋይ እየሳብን። ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። አማቴ ሳቁ፤ ከዚያ አለቀሱ።

ታኅሣሥ 10

የእጅ ፍሬኑን ሽቦ መገንጠያው ጋ ያለው ጋራዥ አሳጠረልኝ። አማቴ ራሳቸው ናቸው «ሂድ» ያሉኝ። «ስትመለስ ግን አዳምጣታለሁ።» አዳመጧት። ዶክተር ቆሞ እያየ «አሁንስ ዶክተሩ ማን ነው?» አለ። ዝም በል አልኩት።

ታኅሣሥ 19

ትናንት ባለቤቴ አባቷን የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። ሞራ ነው፤ ይነሳል አሉ። በቀኙ እርግጠኛ ናቸው፤ ግራው እንጃ። አማቴ ፈርተዋል መሰለኝ። ማታ ጨርቁን ሰጡኝ፤ «አንተ ያዘው» ብለው። ክር ስለሚጥል አልሠራበትም። ግን አልጣልኩትም፤ ከመቀመጫዬ ሥር አጥፌ አስቀምጬዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት። ሙሽሪት ሜዳው ላይ ነበረች፣ ከባለሱቁ ግድግዳ አጠገብ። እሱ ራሱ ነው «እዚህ አቁማት» ያለኝ። ሥሯን አየሁ፤ ደረቅ። ቁልፉን አዞርኩ። ሁለቴ እንኳ አላዞርኩም። ውሾቹ አልጮሁም።

ወደ ቤት ስዞር ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። ሻርፗን ተከናንባ፣ አዲሱን ጫማ ተጫምታ፣ ዝግጁ ሆና።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

«እኔ እንጃ…» አለች። «እጄ ለምዶ ቀሰቀሰኝ።»

«ግቢና ተኚ።»

አልገባችም። አጠገቤ መጥታ የሞተሩን ድምፅ ስታዳምጥ እጇን አየሁት። አምስቱም ጣት በየቦታው ነው። ያዝኩት። ዳቦ ሰጠችኝ። ናፍጣ ናፍጣ ይላል፤ ትንሽ። ሁሉንም በላሁት።